ኤሌኖራ እና የሮማን ጥለት ያለው ቀሚሷ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ሴት ፊት ነው። የቶሌዶዋ ኤሌኖራ ትባላለች፤ የፍሎረንሱ መስፍን የኮዚሞ ደ ሜዲቺ ሚስት። በ1545 አካባቢ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ብሮንዚኖ ከትንሽ ልጇ ጋር ሣላት። ሥዕሉ ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው ሲያየው «ምነው ፊቷ እንዲህ ቀዘቀዘ?» ይላል። እውነት ነው። አትስቅም፣ አታዝንም። ቆዳዋ እብነ በረድ ይመስላል። ማኒየሪዝም የሚባለው የዚያ ዘመን አሣሣል ተፈጥሮን እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ የተጠና ውበት ይመርጣል። እኔ ግን ነፍስ የሌለው ሥዕል ሲሉት አልስማማም። ኮዚሞ ሥልጣን የያዘው በ1537፣ የቀድሞው መስፍን አሌሳንድሮ ሲገደል ነው። ያኔ ገና 17 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት የመስፍኑ ሚስት ፊቷ ላይ ስሜቷ እንዲነበብ አትፈቅድም። ልጁም እዚያ የቆመው «ወራሽ አለን» ለማለት ነው።

ደግሞ ቀሚሱ! ነጭ ሐር፣ ላዩ ላይ ጥቁር የከፈይ ሐረግ፣ ደረቷ መሃል በወርቅ ክር የተሠራ ትልቅ ሮማን። ብሮንዚኖ የወርቁን ክር ጥምዝ ሳይቀር ነው የሣለው። እጅህን ዘርግተህ ዳስሰው ዳስሰው ይልሃል። ሮማን የመውለድ ምልክት ነው፤ ኤሌኖራ ደግሞ 11 ልጆች ወልዳለች።

እኔን የሚይዘኝ ግን ቀኝ እጇ ነው። የልጁን ትከሻ አቅፏል። ልጁ ጆቫኒ እንደሆነ ይታመናል። በ1562 መገባደጃ ላይ ጆቫኒ በወባ ሞተ፣ በ19 ዓመቱ። ወንድሙ ጋርዚያ ተከተለው። ከዚያ እናትየው፣ በ40 ዓመቷ። ሦስቱም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ያንን እጅ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

የተቀበረችው በዚሁ ቀሚስ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይነገር ነበር። ከመቃብሯ የወጣው ልብስ ሲጠና ግን ሌላ ሆነ፤ ከዚህ በጣም ቀለል ያለ የሳቲን ቀሚስ ነው። የተረፈው ተጠግኖ በፒቲ ቤተ መንግሥት የአልባሳት ሙዚየም ተቀምጧል። ያንን ቤተ መንግሥት የገዛችው ራሷ ኤሌኖራ ናት። ፍሎረንስ የምትሄዱ ካላችሁ ኡፊዚን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ድልድዩን ተሻገሩና ፒቲም ግቡ፤ በእግር ቅርብ ነው።