ደጀን ላይ፣ ሽሮው እስኪመጣ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ዛሬ ከጀርባዬ ጫጫታ ትሰማላችሁ። ደጀን ነኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡሳችን ለምሳ ቆሟል። ሽሮ አዝዤ በረንዳው ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ቤት ሳልገባ፣ ነገሩ ትኩስ እያለ ልናገረው ፈለግሁ።

ሆላንድ የቆየሁበት የስድስት ወር ኢንተርንሺፕ አለቀ። የሠራሁት የአፈር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሥራው ለወሬ አይመችም። የደረቀ አፈር ትፈጫላችሁ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ትነፋላችሁ፣ ትመዝናላችሁ፣ ትበጠብጣላችሁ፣ ከዚያ ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩን አሲድነት፣ ትለካላችሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ብቸኝነቱም ከብዶኝ ነበር። በታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። መስቀልንም ጥምቀትንም በስልክ ነው ያየሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት የሆነውን ግን አልረሳውም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የለመድኩት አፈሩን በውሃ በጥብጦ መለካት ነው። እነሱ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው በሟሟበት ውሃ ነው የሚበጠብጡት። በዚያ ሲለካ ያው አፈር ግማሽ ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። እኔ ግማሹን ናሙና በውሃ፣ ግማሹን በእነሱ ፈሳሽ ለካሁ። የቱ በየቱ እንደተለካ ደግሞ አልጻፍኩም። ግማሽ ነጥብ ትንሽ ይመስላል። ግን ፒኤች ላይ አንድ ሙሉ ነጥብ ማለት አሲድነቱ በ10 እጥፍ ተለወጠ ማለት ነው። ኃላፊዬ አልተቆጣችኝም። ወረቀቱን መለሰችልኝና «ይሄ ቁጥር እኮ የሰው ማሳ ነው» አለችኝ። ሁሉንም እንደገና ለካሁት።

ኅዳር ላይ ናሙና ልንወስድ አንድ ድንች አምራች ገበሬ ጋ ሄድን። ሰውዬው ወፍራም ፋይል አወጣ። የእያንዳንዱ ማሳ ውጤት በየዓመቱ ተጽፏል። የቱ ማሳ ላይ መቼ፣ ምን ያህል ኖራ እንደተበተነ ሁሉ አለ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች የሞላው አባቱ ነው። እያገላበጥኩ ሳለ «የእናንተስ አፈር ፒኤቹ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲሁ ለጨዋታ ነበር። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

ቤታችን ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ነው፣ ማቻከል። አባባ ከድሮም «መሬቱ ሰነፈ» ይላሉ። ልጅ ሆኜ ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዛሬ ግብጦና እንግዶ ነው የሚዘራበት። ማዳበሪያ ይገዛሉ፣ መሬቱ አይቀበልም። ምክንያቱን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። አፈር አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም ይሟሟና የገብሱን ሥር ያቀጭጨዋል። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይታሰራል። በስንት ልፋት የተገዛው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰብሉ ይራባል። ግብጦ የሚችለው ከሥሩ አሲድ እያመነጨ ያንን የታሰረ ፎስፈረስ ስለሚፈታ ነው። አባባ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ግብጦ ዘሩ። ልክ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ፈተና ላይ ጽፌ ኤ አግኝቼበታለሁ። የአባባን ማሳ ግን አንድ ቀን ለክቼው አላውቅም። ስድስት ወር ሙሉ የማላውቀውን ሰው አፈር በግራም እየመዘንኩ ነው የኖርኩት። ይሄ ነገር ከኅዳር ጀምሮ አላስተኛኝም።

ዛሬ ጠዋት ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ መስኮት ዳር ነበርኩ። ሐዋሳ ስማር በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጠመዝማዛው ስለሚያዞረኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማልፈው። ዛሬ አልጨፈንኩም። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በገደሉ ላይ ነጣ ያለ፣ ድርብርብ ሆኖ የሚታይ ድንጋይ አለ። የኖራ ድንጋይ ነው። ተፈጭቶ ማሳ ላይ ሲበተን አሲዱን የሚያበርደው እሱ ነው። የመሬታችን መድኃኒት እዚሁ መንገዳችን ላይ ቆሞ፣ እኔ በአጠገቡ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልፍ ኖሬያለሁ።

ታች ወንዙ የካቲት ስለሆነ ጠርቷል። ክረምት ላይ ቀልቶ የሚወርደው የእኛው አፈር ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። እኔን ከግንዱ ይልቅ አፈሩ ያንገበግበኛል።

ኖራው ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በቶን ነው የሚቆጠረው። ከዋናው መንገድ እስከ ቤታችን ማን ይሸከመዋል? በአህያ ስንት ምልልስ ነው? ግን ስንት ኩንታል እንደሚበቃ ለማወቅም መጀመሪያ መለካት አለበት። ሳይለካ የሚበተን ኖራ ግምት ነው። የገበሬ ገንዘብ ደግሞ በግምት አይበተንም።

ነገ እናቴ ከቤት አታስወጣኝም። ከነገ ወዲያ እጀምራለሁ። ማሳውን በዚግዛግ እየሄድኩ 15 ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እየቆፈርኩ አወጣለሁ። ባልዲ ውስጥ አደባልቄ አንድ ኪሎ ያህል አስቀርቼ ጥላ ላይ አደርቀዋለሁ። የማዳበሪያ ከረጢት አልጠቀምም፣ ውጤቱን ያበላሸዋል። ስመለስ ይዤው ሄጄ በራሴ እጅ እለካዋለሁ። በምን እንደለካሁትም እጽፋለሁ።

መቅዳት ከመጀመሬ በፊት አባባ ደውለው ነበር።

«የት ደረስሽ?»

«ደጀን ነኝ፣ አባባ። ንጹሕ ባልዲ ይኖረናል?»

«ለምንሽ?»

«ከማሳው አፈር ላወጣበት። ልለካው ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው ከላይኛው ማሳ ጀምሪ» አሉኝ። «መጀመሪያ እምቢ ያለው እሱ ነው።»