እሰይ

እሺ፣ እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ባለፈው ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ለግድግዳ እንዳወራሁ ታውቃላችሁ። እሱን ድጋሚ አናነሳም።

ሰላም ናችሁ? የሚንቋቋው ፔርሙዙ ነው። አዎ፣ ያው ፔርሙዝ። ክዳኑን አልቀየርኩትም። አዲስ እንግዛልሽ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን እሱ ከሌለ ይሄ ፕሮግራም ምን ይቀረዋል? ከውጪ የምትሰሙት ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ ነው። ሌሊትም አይተኙም። እኔም አልተኛሁም፤ ስለዚህ ተግባብተናል።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ፣ አይሆንም። ሸዋ ሮቢት ደርሼ መጣሁ፣ እዚያ የታሰረውን ታላቄን ልጠይቅ። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። እና አንዲት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለችኝ። ሳህን ሳጥብ ትመጣለች። ታክሲ ውስጥ ትመጣለች። ትናንት ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ መጣች፣ ሰዎቹ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

መንገዱን አልተርክላችሁም፤ አምና ተርኬው ሰልችቷችኋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላምበረት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ፣ ጣርማ በር ላይ ጉምና ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ። ከዚያ ቁልቁል ነው። ጃኬት ይወልቃል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሁሉም ሰው የለበሰውን ታቅፎ በላብ ተነክሯል። 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙ የመጎብኘት መብት አለው ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። የትራንስፖርቱን ነገር ግን አላነሳውም።

እትዬን ታውቋቸዋላችሁ። የስልኳን ሴትዮ። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል እሳቸው ጋ ነው የምናስቀምጠው። አልጋም ያከራያሉ፣ ምሳም ይሠራሉ፣ ሶፍትና ሳሙናም ይሸጣሉ። የስልኩን አሠራር ግን ነግሬያችሁ አላውቅም። ቁጥር አይጽፉም። የመጫወቻ ካርታ ለሁለት ይቀድዱታል። ግማሹን በላስቲክ ከስልኩ ጋር ያስሩታል፣ ግማሹን ለባለቤቱ ይሰጡታል። ሲመለስ ሁለቱ ግማሾች ይገጥማሉ፤ የመቀደዱ መስመር ካልገጠመ ስልክ የለም። ስለዚህ የትኛውም ባንክ የማያውቀው ጥበቃ አላቸው። የዛን ቀን የደረሰኝ የጆከር ግማሽ ነው። ኮፍያው ያለበት ግማሽ። ሙድ እየያዙብኝ ይሁን አላውቅም።

ታላቄ ደህና ነው። ጠይቃችሁኛል፣ ደህና ነው። ከስቷል ግን ይስቃል። ድርቆሹን ወዶታል። ዳንቴል መሥራት ጀምሯል፣ ብታምኑም ባታምኑም፤ ያ በቤታችን ቁልፍ መትከል የማይችል ሰው። ስለ እሱ ዛሬ ከዚህ በላይ አላወራም። ስለሱ ሳወራ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

እና ወጣሁ። እትዬ ጋ ተመለስኩ። ቀትር ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ ይጋግራል። ውስጥ ሁለት ጠያቂዎች ምሳ እየበሉ ነው፤ አንዷ ሕፃን አዝላለች። ጥግ ላይ ማዳበሪያ ሙሉ ማሾ አለ። ግድግዳው ላይ ማርያም፣ ከማርያም በታች ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ፎቶ። የእትዬ ልጅ ነው፣ እዚያው ግቢ ጥበቃ ነው። ጠዋት ጠዋት ታላቄን የሚቆጥረው እሱ ሊሆን ይችላል እኮ። ይሄን እስከዛሬ አስቤው አላውቅም።

የጆከሬን ግማሽ ሰጠኋቸው። የወተት ጣሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከትተው ስልኬን አወጡ። ላስቲኩን መፍታት ጀመሩ። ላስቲኩ በሙቀቱ ቀልጦ ነው መሰለኝ ተጣብቋል። በጥፍራቸው እየፈለቀቁ፣ ሳያዩኝ፣

«ስንት ቀረው?» አሉኝ።

«አራት ዓመት» አልኩ።

«እሰይ» አሉ።

በቃ። ይሄው ነው።

«እሰይ።»

እና እኔ ምን አልኩ? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ! ምን ስለሰጡኝ እንደሆነ አላውቅም። ከአፌ ወጣ።

አሁን እዩልኝ። አንደኛ፣ እሰይ ማለት እሰይ፣ አራት ብቻ ቀረው፣ ሊያልቅ ነው ማለት ይሆናል። ደግ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ያለቀስኩ ጊዜ ውሃ በጣሳ አምጥተው ፊቴን ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ ግን... ሁለተኛ፣ እሰይ፣ አራት ዓመት ትመጫለሽ፣ አራት ዓመት አልጋ ትከራያለሽ ማለትም ይሆናል። ምክንያቱም ወዲያው ምን አደረጉ መሰላችሁ? የጆከሩን ግማሽ መለሱልኝ። «ያዢው፣ መምጣትሽ አይቀርም» አሉኝ። ስልኬንም ግማሽ ካርታዬንም ይዤ ወጣሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ነው የተናደድኩት። እዚያ ቆሜ አይደለም። ጣርማ በር እስክንደርስ ድረስ በሆዴ ስሰድባቸው ነበር። አራት ዓመት! የሰው አራት ዓመት! በዋዜማው ማታ፣ እሳቸው ጋ ሳድር ደግሞ፣ እንዲህ ብለውኛል፤ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሮቢት ሲገባ ሸሽተው ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ከዚያም ጠያቂ ለረጅም ጊዜ ጠፋ፣ «ልንሞት ነበር» አሉ። ለአዲስ ዓመት ይቅርታ ሲደረግም እንደዚያው ገበያው እንደሚቀዘቅዝ ነገሩኝ። ያኔ ስሰማው ምንም አልመሰለኝም። አንገቴን እየነቀነቅኩ በልቻለሁ። ሽሯቸው ደግሞ ያስረግማል፣ ማለቴ ያስመርቃል።

ብቻ እኔ ነኝ ይሄን ነገር የማልችለው? ሽንኩርት የሚያመርተው ገበሬ ለግቢው ሠራተኞች ይሸጣል። የጥበቃዎቹ ቤተሰቦች ክፍል ይከራያሉ። ባጃጁ ጠያቂ ያመላልሳል። ማንም ክፉ አይደለም። ሁሉም ግን... አላውቅም። ታላቄ አንድ ቀን ሲወጣ እዚያ ሰፈር የአንድ ሰው ገቢ ይቀንሳል። ይሄን ነው ማለት የፈለግኩት መሰለኝ። ወይ አይደለም።

ቆይ፣ ሦስተኛ አለ። ሦስተኛውን ትናንት ሌሊት ነው ያሰብኩት። «እሰይ» ሲሉ ላስቲኩ የዛን ሰከንድ ተፈትቶ ቢሆንስ? እሰይ፣ ተፈታ! እኔ ጣቶቻቸውን እያየሁ አልነበረም እኮ። ማርያምን እያየሁ ነበር። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት በላስቲክ ከሆነ በራሴ እስቃለሁ።

እሺ። አሁን ማውራት ወዳልፈለግኩት ልምጣ።

እማዬ። ከርቸሌ እዚህ በነበረ ጊዜ እማዬ ምን ትሠራ እንደነበር ለአንዳንዶቻችሁ ነግሬያለሁ፤ ለቀልድ ግን ነው የነገርኳችሁ፣ የሽሮ በጣሳውን ወሬ። ከርቸሌ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። ቃሉ ራሱ የጣሊያን ነው፣ ካርቼሬ፤ እኛ እንደሚጣፍጠን አድርገን ይዘነዋል። እማዬ ግን እስከዛሬ ወህኒ ነው የምትለው። ታራሚ በሉ ሲባል «ማን ማንን አርሞ?» ትላለች። ከግቢው ውስጥ ያ ስምንት ማዕዘን ያለው ዓለም በቃኝ ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ ግን ሌላ ስም አያስፈልገውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳዎቹ የተረሸኑት እዚያ ግቢ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጭምር። እማዬ ያኔ ልጅ ናት፣ ተኩሱን ሰማሁ ትላለች። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሰማሁ ይላል፤ ያኔ ያልተወለደውም ሳይቀር።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ገጠሬዎቹ። ያኔ መንገዱ ወደዚህ ነበር። ከመርሐቤቴ፣ ከመንዝ፣ ከጉራጌ ሰው እየመጣ ነው የሚጠይቀው። በእግሩ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ። ከዋዜማው ይደርሱና ማደሪያ የላቸውም። እማዬ ሳሎናችን ላይ ሰሌን ታነጥፍላቸዋለች፤ እኔና ታላቄ ወደ ማድቤት እንባረራለን። በማግስቱ እንጀራና ሽሮ ይገዟታል። ታላቄ ዘንቢላቸውን ተሸክሞ እስከ በሩ ያደርስላቸውና ሃምሳ ሳንቲም ይቀበላል። የከርቸሌ በር ላይ ሃምሳ ሳንቲም የሚቀበል የዘጠኝ ዓመት ልጅ።

ዝም ብዬ ነው የነገርኳችሁ። ከዛሬው ነገር ጋር አላያይዘውም። አላያይዘውም አልኩ፣ እናንተም ተዉት።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው ከርቸሌ ተዘግቶ እስረኛው ወደ ቃሊቲ የሄደው። የዛን ሰሞን እማዬ ማድቤት ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ጭስ የለም። ማንም አልሞተም። ለእነዚያ ሰዎች ነው ብዬ አሰብኩ፣ ከመንዝ ለሚመጡት። ማር ያመጡልን የነበሩ አንድ አባት ነበሩ፤ እነሱ አሁን የት ያድራሉ ብላ ነው አልኩ። እንዴት ያለች ደግ እናት አለችኝ ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ አውርቻለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ።

ከሮቢት በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያኔ ያለቀስሽው ለሰዎቹ ነው ለገበያው?»

ዝም ብላ አየችኝ። «መቼ?» አለች። ነገርኳት። «የት አስታውሼ» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ሽንኩርት እየከተፍኩ ይሆናላ!» አለች።

ሽንኩርት! የኔዋ ላስቲክ፣ የሷ ሽንኩርት።

ሳቅን። በጣም ሳቅን። ከዚያ ቡናውን እያቀረበች ምን አለች፣ «ይሄ ረጅሙ ፎቅ ሲሠራ ሽሮ የሚገዛኝ መስሎኝ ነበር። አምባሳደር ሽሮ በጣሳ አይገዛም።» የአፍሪካ ኅብረትን ነው፣ ጥር 2004 የተመረቀውን፣ 99.9 ሜትር ነው የሚባለውን። ከርቸሌ ቦታ ላይ ነው የቆመው። ከመስኮቴ ይታያል፣ ማታ መብራቱ ያምራል። እዚያ የሚገባ ሰው ስልኩን የትም አያስቀምጥም።

እና እማዬ ደስ ይላት ነበር? ሰው ሲታሰር ማለቴ አይደለም። ሰሌኑ ሲሞላ። አንዲት ገበሬ «ባሌ ሰባት ዓመት ፈረዱበት» ስትላት እማዬ ፊቷ ምን ይመስል ነበር? አላስታውስም። እኔ ማድቤት ነበርኩ። ምናልባት እሰይ ብላለች፤ ሽሮው ስለገነፈለ፣ ስላልገነፈለ። እትዬን በልቤ የሰደብኩት ስድብ ሁሉ እኮ... አይ። ይሄን በደንብ አላሰብኩበትም። እማዬ ይሄን ትሰማለች ደግሞ፣ የጎረቤት ልጅ ያስከፍትላታል። እማዬ፣ ሽሮሽ ከሮቢቱ ይበልጣል። ጨርሻለሁ።

የት ነበርኩ?

ጥቅምት ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። ድርቆሽ እና ለዳንቴሉ ክር አምጪ ብሎኛል፤ ነጭና ቡኒ። ቡኒ ክር መርካቶ የት እንዳለ የምታውቁ ጻፉልኝ፣ እኔ ዋጋ መከራከር እንደማልችል ታውቃላችሁ። የጆከሩ ግማሽ እዚህ ፔርሙዙ ስር አለ፣ ጠርዙ ቡና ነክቶታል። ሌላው ግማሽ እትዬ ጣሳ ውስጥ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይገጥም ይችላል። እጠይቃቸዋለሁ? ምን ብዬ? «እትዬ፣ ያኔ እሰይ ያሉት...» ያስቃል። አስታውሳለሁ ቢሉኝስ?

ቆይ፣ ትሰማላችሁ ይሄን መዶሻ? በዚህ ሰዓት። መስኮቱን ልዝጋውና እ... ቡናውም ቀዝቅዟል። ይሄ ክዳን ግን በእውነት...