ሀዘንተኛን ለምን እናጫውታለን?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ለቅሶ ቤት ስትገቡ ትልልቆቹ ሴቶች «ኧረ አጫውቷት!» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ጎረቤት ስለ ዝናቡ ያወራል። ወጣቶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር። ሰው ሞቶ እንዴት ካርታ ይጫወታሉ? እል ነበር።

የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው። ወንድሜ ያረፈ ጊዜ የባሰብኝ ድንኳኑ ከተነቀለ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ ነበር። ማታ ማታ ደረቴን ያፍነኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ ምሽት አንዲት ጎረቤታችን ሰፌድ ሙሉ ምስር ይዘው ገቡ። «ዓይኔ አላይ አለኝ፣ እስቲ ልቀሚልኝ» አሉኝ። ቅር አለኝ። ግን ትልቅ ሰው እምቢ አይባልም፤ ለቀምኩ። ጠጠሩን ለብቻ፣ ምስሩን ለብቻ። ሰፌዱ ሲያልቅ ደረቴ ላላ ብሎ ነበር። ሀዘኑ አልሄደም። ያቺን ምሽት ግን አለፍኳት። በነጋታው ቤታቸው ስሄድ፣ እኚያው ሴትዮ መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ አገኘኋቸው።

ዛሬ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። እሳቸው ያደረጉልኝን ነገር በሙያችን ትኩረትን ማዞር እንለዋለን። ማርሻ ሊነሃን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ባዘጋጀችው ዲቢቲ በተባለው፣ ከባድ ስሜትን መቋቋም በሚያስተምረው ሕክምና ውስጥ፣ ታካሚዎች ከሚማሯቸው ክህሎቶች አንዱ ይሄ ነው። ሊነሃን ራሷ በወጣትነቷ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር እንደ ፈረንጆቹ በ2011 በአደባባይ ተናግራለች። እሳቱን ከውስጡ ሆና ስለምታውቀው ነው እኔም የማምናት።

አሠራሩ ይሄ ነው። ስሜት ሲግል ሐሳብ እንጨት ይጨምርበታል። «ለምን እንዲህ ሆነ? ምነው ባደረግሁ ኖሮ?» እያለ ያነደዋል። አእምሯችን ደግሞ ሁለት ከባድ ነገር በአንዴ አጥብቆ መያዝ አይሆንለትም። ስለዚህ የምንሰጠው ሥራ እውነተኛ ሥራ መሆን አለበት። ስልክ ላይ ጣት ማንሸራተት ብዙ ጊዜ የማይረዳው ለዚህ ነው፤ ጣት ይሠራል፣ ሐሳብ ቁስሉን ይነካካል። ከ100 ጀምራችሁ ሰባት ሰባት ቀንሱ እስቲ፦ 93፣ 86፣ 79... ሐሳብ የግድ አብሮ ይመጣል። በጣም ሲጠና ደግሞ ትንፋሽ ይዞ ፊትን ለጥቂት ሰከንዶች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር የልብ ምትን ይቀንሳል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ይህን አይሞክር። ለታመመ ጎረቤት ውሃ መቅዳት፣ ለታናሽ እህት ሒሳብ ማስረዳትም ሐሳብን ያዞራል።

ጫትና አረቄን ከዚህ አትቁጠሩብኝ። እነሱ ለዛሬ የሚሰጡትን ነገ ከነወለዱ ይወስዱታል።

አሁን እዚሁ ጣና ዳር እንሞክረው። ዓይናችሁ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች በልባችሁ ጥሩ። እኔ ልጀምር፦ ታንኳ። ዳር ላይ ያለው ደንገል። ፔሊካን። ሩቅ የምትታየው ደሴት። የዚያ ልጅ ቀይ ጫማ። ቀጥላችሁ አራት ድምፅ ስሙ። ቀስ በሉ፣ እጠብቃችኋለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ከችግር መሸሽ አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ልክ ነው። ፈተና የወደቀ ተማሪ ውጤቱን ላለማየት ሦስት ወር ሙሉ ኳስ ቢያይ ሸሽቷል። ሊፈታ የሚችል ነገር ካለ መፍታት ነው። አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ለቅሶ ቤት አጫውተውን ዝም አላሉም። ሠልስት አሉ፣ አርባ አሉ፣ ሰማንያ አሉ፣ ሙት ዓመት አሉ። ለሀዘኑ ቀን ቆርጠው እየጠሩ መልሰው ያስለቅሱናል። እኔም ታካሚዎቼን «አሁን ተጫወቱ፤ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግን ስለ ጉዳዩ እናወራለን» እላቸዋለሁ። ቀጠሮ የሌለው ማዞር ነው ሽሽት የሚሆነው።

ያለፉት ዓመታት ለክልላችን ሰው ከባድ ነበሩ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ብዙ የተሸከማችሁ አላችሁ። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ለሚመጣበት ሰው ምስር መልቀም ብቻውን አይበቃም። ብቻችሁን አትሁኑ። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ አብሯችሁ ሆስፒታል ይሂድ። እኛ አንቆጣም፣ አንፈርድም።

አሁን ወረቀት እየታደለ ነው። ስሜት ሲግል ምን እንደሚረዳን አይታወሰንም፤ መጻፍ ያለበት በደህናው ጊዜ ነው። እናንተን የሚይዛችሁን ሦስት ሥራ ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ በኋላ ስለ ጉዳዩ የምታወሩትን ሰው ስም ጻፉ። እስክሪብቶ ያልደረሳችሁ እጅ አውጡ።