ከሐረማያ ድሬዳዋ፦ የደጃችን ምግብ ለምን አይረክስም?

[ምስል፦ የድሬዳዋው ከፊራ ገበያ፣ ማለዳ። የድንች ኬሻ ከአይሱዙ ይወርዳል።]

ይህ ድንች የሐረማያ ነው። ከሐረማያ ድሬዳዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። እዚያ ማዶ ሱቅ ውስጥ ያለው ሩዝ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራግፎ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ተጉዞ የመጣ ነው። ታዲያ ደጃችን የበቀለው ለምን በዚያው ልክ አይረክስም? ከፊራም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ገበያ፣ ዘንቢል የያዘ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ገበሬው በሸጠበት ዋጋ ላይ ከሚጨመረው ውስጥ የርቀቱ ድርሻ ትንሹ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብልሽት ነው።

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ፣ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይጻፋሉ።]

ስሌቱን እንየው። ቁጥሮቹን የመረጥናቸው ለማስላት እንዲመቹ ነው፤ የዛሬን ዋጋ አስገብታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ነጋዴው 100 ኪሎ አትክልት በኪሎ 40 ብር ገዛ፤ 4,000 ብር። ለመኪና፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለደላላና ለኮቴ ክፍያ 500 ብር ጨመረ፤ 4,500 ብር ሆነ። ከ100ው ኪሎ 20ው በመንገድና በገበያው ሙቀት ተጨፈለቀ፣ ጠወለገ፣ በሰበሰ። የሚሸጠው 80 ኪሎ ብቻ ነው። 4,500 ለ80 ሲካፈል አንዱ ኪሎ 56 ብር ከ25 ሳንቲም ወጣበት። ገና ትርፍ አልያዘም። ከጭማሪው 16 ብር ከ25 ሳንቲም ውስጥ የማጓጓዣና የደላላ ወጪ 5 ብር ብቻ ነው። የቀረው 11 ብር ከ25 ሳንቲም በብልሽት የመጣ ነው። የተጣለውን 20 ኪሎ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ሩዝ አይጠወልግም። ዛሬ ያልተሸጠ ከረጢት ከስድስት ወር በኋላም ይሸጣል። ሐረማያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200። ከደጋ ተለቅሞ በአንድ ጠዋት ቆላ የወረደ ጎመንና ቲማቲም ጥላ ካላገኘ የሚቆየው በሰዓት ነው የሚቆጠረው። ቀዝቃዛ መጋዘንና ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን በሌለበት፣ ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ሁለትና ሦስት እጥፍ ተደራርቦ ሲመጣ፣ የታችኛው ረድፍ ገበያ ሳይደርስ ጭማቂ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ከማሳው ይጀምራል። የሐረርጌ ገበሬ ድንች ሲተክል ከ90 እስከ 120 ቀን ይጠብቃል። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ገደማ የዘር ድንች መግዛትም አለበት። ያው መሬት ጫት ቢለብስና ውኃ ቢያገኝ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው የጫት ገበያው አወዳይ ደርሶ በዕለቱ ብር ይሆናል። ስለዚህ ድንቹ ማሳ ላይ እንዲቆይ ከተፈለገ ዋጋው ከጫቱ ጋር መወዳደር አለበት። ገበሬውን ስግብግብ ማለት ስህተት ነው፤ ልጆቹን የሚያስተምረው ከዚያችው ትንሽ መሬት ነው። ውኃውም ቢሆን በነፃ አይገኝም። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። በመስኖ የሚያለማ ሰው ከጉድጓድ በሞተር ይስባል፣ ሞተሩም ነዳጅ ይጠጣል።

ነዳጅ ሲነሣ ዶላር ይነሣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ማዳበሪያው፣ የመኪናው ጎማ፣ የተባይ መድኃኒቱ ከውጭ ይገባሉ። «የአገር ውስጥ ድንች» የምንለው በአፈሩ ነው እንጂ በወጪው ከፊሉ የውጭ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ገዢ አለ። የሐረማያ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት ጅቡቲና ሶማሌላንድ ድረስ ይሄዳል። የዚያ ማዶ ነጋዴ ጥሩ ዋጋ ካቀረበ ምርጡ ወደዚያ ያልፋል፤ ከፊራ የሚደርሰው የተረፈው ነው።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ፤ የተከበቡ ቀኖች።]

አሁን ወደ ሸማቹ። ዋጋ የሚነሣበትን ቀን ማወቅ ከመከራከር ይበልጣል። በረመዳን ሽንኩርት ለሳምቡሳ፣ ድንችና ካሮት ለሾርባ ይፈለጋሉ። በሁዳዴ ጾም አትክልት ሥጋን ይተካል፤ ሁለቱ ጾሞች ሲገጣጠሙ ደግሞ ገበያው ይጠባል። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል እንግዳ ድሬዳዋን ስለሚሞላ፣ ሽንኩርት የሚቆይ ነገር ነውና በታኅሣሥ መጀመሪያ ግዙት። ቲማቲም ግን አታከማቹ። ሲረክስ 5 ኪሎ ገዝታችሁ፣ ቆራርጣችሁ፣ በሰፊ ብረት ድስት በቀስታ እሳት 1 ኪሎ ገደማ እስኪቀር አብስሉት። ይህ የቲማቲም ድልህ ነው። በፈላ ውኃ ተቀቅሎ በደረቀ የብርጭቆ ዕቃ አድርጉት፣ ላዩን ዘይት አልብሱት፣ ፍሪጅ አስገቡት። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ወይም ሽታው ከተለወጠ ጣሉት።

ሰዓትም ዋጋ አለው። ቅጠላ ቅጠል አመሻሽ ላይ ይረክሳል፤ ሻጯ ይዛው ወደ ገጠር መመለስ አትችልም። ለዚያው ምሽት ወጥ ከሆነ ግዙት። ድንችና ሽንኩርት ግን በጠዋት ነው፤ ገና ሳይመረጥ።

[ምስል፦ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ የውኃ ጠርሙስ።]

ሚዛኑን ከተጠራጠራችሁ ያልተከፈተ የ1 ሊትር የታሸገ ውኃ አስቀምጡበት። ውኃው 1 ኪሎ ነው፤ ከፕላስቲኩ ጋር ትንሽ ያልፋል። 1 ኪሎ ከ200 ካሳየ እናንተ 1 ኪሎ ገዛን ስትሉ የሚደርሳችሁ ከ850 ግራም ብዙም አይበልጥም። መደብ የምትገዙ ከሆነ አንዱን መደብ ቤት ወስዳችሁ አንድ ጊዜ መዝኑት፤ የዚያች ሻጭ መደብ ስንት ኪሎ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ታውቃላችሁ። «ሜቃ?» ብሎ በኦሮምኛ ዋጋ መጠየቅ፣ «እናቴ፣ ከሥሩ አሳዪኝ» ማለት ነውር የለውም። የመደብ ቁንጮ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው።

ኬሻ ለሦስትና ለአራት ጎረቤት መካፈል ከችርቻሮ ይሻላል፤ ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። ኬሻው እዚያው ይገልበጥ፤ የሚበሰብሰው መሐሉ ነው። ከዝናብ በኋላ የመጣ ድንች ደግሞ ጭቃ ይዞ ይመዘናል፤ እርጥብ አፈሩ ካልተራገፈና ካልደረቀ በሦስት ቀን ይሸታል። ቤት ውስጥ ድንችን ጨለማ ቦታ አኑሩት፤ ብርሃን ያገኘ ድንች ይለመልማል፣ አረንጓዴውም መርዛም ነው። ሽንኩርትን በመረብ ከረጢት ነፋስ ባለበት ስቀሉት። ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጡ፤ ከድንቹ የሚወጣው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበላሸዋል። ሐረር ላይ የሚቆየው ድንች ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ከሁለት ሳምንት ፍጆታ በላይ አትግዙ።

[ምስል፦ ምጣድ፣ ሊጥ፣ እንፋሎት።]

ትልቁ ቁጠባ ያለው ግን እንጀራው ላይ ነው። ጤፍ ከሩቅ ይመጣል፤ ማሽላ የሐረርጌ ነው፤ ሙይራና ፈንዲሻ የሚባሉት ዘሮች እዚሁ የተለመዱ ናቸው። ለጀማሪ ሦስት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ማሽላ፣ እጅ ሲለምድ እኩል በእኩል። ነጩን ማሽላ ምረጡ፤ ቀዩ ሊመር ይችላል። ታጥቦ በደንብ ይድረቅና ለብቻው፣ በጣም ልሞ ይፈጭ። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ከተፈጨ ጤፉ ይልማል፣ ማሽላው ይሻክራል፣ እንጀራው ላይ አሸዋ የበተኑ ይመስላል።

ለ2 ኪሎ ዱቄት አንድ ኩባያ እርሾ በቂ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሊጡ በአንድ ቀን ተኩል ይደርሳል፤ ሐረር ላይ ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ላዩ ላይ የጠለለውን ውኃ ድፉና አብሲት ጣሉ፦ ሦስት ኩባያ ውኃ አፍልታችሁ አንድ ኩባያ ሊጥ እያማሰላችሁ ጨምሩበት፣ እስኪወፍር አብስሉት። አብሲት የማሽላ እንጀራ ምሰሶ ነው። ከተዘለለ እንጀራው ዳር ዳሩን ይሰነጣጠቃል፣ ሲጠቀለልም ይቆረሳል። ትኩሱን ከመለሳችሁት ደግሞ እርሾው ይሞታል፤ ዓይን አያወጣም። ጣት ሲነካው ለብ እስኪል ጠብቁ፣ መልሳችሁ አዋህዱት፣ ኩፍ ሲል ጋግሩ። ማሽላ ቶሎ ስለሚደርቅ ለሦስት ቀን አትጋግሩ። ለሁለት ቀን ጋግሩና፣ እንፋሎቱ ከወጣለት በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ መሶቡን ክደኑት።