ስንኙ የታረመለት ሐውልት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ!

ዛሬ ስለ አንድ ሐውልት ላወራችሁ ነው። ሞስኮ መሃል ስለቆመው የሩሲያዊው ገጣሚ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ሐውልት። የእናቱ አያት አብራም ሐኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ የተወሰደ ሰው ነው። የት እንደተወለደ አዋቂዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ። እኛ ግን ፑሽኪንን ከዘመድ ቆጥረነው ኖረናል።

ሐውልቱ የቆመው በመዋጮ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥራቸው። ሐሳቡን ያነሡት ገጣሚው የተማረበት ትምህርት ቤት ምሩቃን ነበሩ። በ1860ዎቹ የተጀመረው መዋጮ በመሃል ቀዘቀዘ። በ1870 እንደገና ተነሡበት፤ በመጨረሻም ከ100 ሺህ ሩብል በላይ ተሰበሰበ። መዋጮ አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰው ፊት ዳግም መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን። ለዚህ ነው እነዚያን ሰዎች የምወዳቸው።

ቀራጺው አሌክሳንደር ኦፔኩሺን ከገባር ቤተሰብ የተወለደ ነው። ፑሽኪንን አንገቱን ትንሽ ደፋ አድርጎ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ከልብሱ ሥር ሸጎጥ አድርጎ፣ በግራው ባርኔጣውን ከኋላው ይዞ ሠራው። ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው እንጂ ጀግና አይመስልም። በሰኔ 1880 ሲመረቅ በዓሉ ቀናት ፈጀ። ደራሲው ዶስቶየቭስኪ ስለ ፑሽኪን ሲናገር የሰሙት ሰዎች አለቀሱ፣ ተቃቀፉ።

እኔን የሚነካኝ ግን ከእግሩ ሥር ያለው ጽሑፍ ነው። ፑሽኪን በ1836፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እጅ ያልሠራው ሐውልት ለራሱ እንዳቆመ በግጥም ጻፈ። ሕዝብ የሚወደኝ፣ አለ፣ በጨካኙ ዘመኔ ነፃነትን ስላወደስሁ ነው። ሳንሱር ይህን እንደማያሳልፍ ግልጽ ነበር። ከሞተ በኋላ ወዳጁ ዡኮቭስኪ ስንኙን ለወጠው። ነፃነት ወጣ፤ በግጥሜ ውበት ስለጠቀምሁ የሚል ገባ። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውም ይኸው ነው። አስቡት፤ ሰውየው አናት ላይ ቆሟል፣ ከእግሩ ሥር ያልጻፈው ቃል አለ። ከ50 ዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ። የታረመው በ1937፣ በሞተ በመቶኛ ዓመቱ ነው።

በ1950 ደግሞ ሐውልቱን ከነበረበት አንሥተው መንገዱን አሻገሩት። ዛሬ ያለው እዚያ፣ በስሙ በሚጠራው አደባባይ ላይ ነው።

ወደ አጀንዳችን ከመግባታችን በፊት ያ ግጥም ራሱ እንደጻፈው፣ ሳይነካ፣ እንዲነበብልን ጠይቄያለሁ። አንባቢያችን፣ እባክህ ወደ መድረኩ ና። ጉባኤው ተከፍቷል።