ሆንግ ኮንግ የፈራችው ምንን ነበር?

ክቡራትና ክቡራን፣

የዛሬው ርዕሳችን በ1920ዎቹ የቻይና ብሔርተኝነት ሲጋጋል በሆንግ ኮንግ የነበሩት እንግሊዞች ምን ያህል እንደፈሩና ፍርሃታቸው ምን እንዳስከተለ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጃንዋሪ 1922 ቻይናውያን መርከበኞች አድማ መቱ። ኑሮው ተወዶባቸዋል፤ አብረዋቸው የሚሠሩት የውጭ አገር መርከበኞች ጭማሪ ሲያገኙ የእነሱ ደመወዝ ባለበት ቆሟል። ጥያቄው ይኸው ነበር። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ግን ከጀርባው የጎረቤቷን የቻይና ከተማ የካንቶንን (የዛሬዋን ጓንግዡ) ፖለቲከኞችና የቦልሼቪኮችን (የሩሲያ ኮሙኒስቶችን) እጅ ፈለገ። ፌብሩዋሪ 1 ማኅበራቸውን አገደ፤ የጽሕፈት ቤቱንም የስም ሰሌዳ አስነቅሎ ወሰደ።

በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር። የደመወዝ ክርክር በድርድር ያልቃል፤ ሰሌዳው ሲነቀል ግን ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆነ። አብሳዩም፣ የቤት አሽከሩም፣ ጫኝና አውራጁም ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ የአድመኛው ቁጥር ከ100,000 አለፈ። ፌብሩዋሪ 28 የአስቸኳይ ጊዜ ደንቦች ሕግ በአንድ ቀን ተረቅቆ ጸደቀ። ገዥው ከአማካሪዎቹ ጋር ሆኖ ሳንሱርን፣ እስርን፣ አገር ማስለቀቅን፣ ንብረት መውረስን ደንብ በማውጣት ብቻ ማዘዝ ቻለ። በማርች መጀመሪያ ሻ ቲን በተባለው የሆንግ ኮንግ አካባቢ በእግራቸው ወደ ካንቶን በሚሄዱ አድመኞች ላይ ወታደሮች ተኮሱ፤ ሰዎች ሞቱ። ይህ ሁሉ ሆኖ ደመወዙ ከ15 እስከ 30 በመቶ ተጨመረ፤ ሰሌዳውም ሕዝብ እየተመለከተ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በ1925 የባሰው መጣ። ሜይ 30 ሻንጋይ ውስጥ በእንግሊዞች የሚመራው ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ተኮሰ፤ ጁን 23 ደግሞ በካንቶን፣ የውጭ አገር ሰዎች ሰፈር ከነበረችው ከሻሚየን ደሴት ማዶ፣ ከ50 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው አድማ መትቶ ሆንግ ኮንግን ለቅቆ ወጣ፤ ካንቶን ሆኖ አድማውን የሚመራው ኮሚቴም በቅኝ ግዛቱ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ።

እዚህ ላይ የአድማውን ኮሚቴ ብልሃት ልብ በሉልኝ። ማዕቀቡን በባዕዳን ሁሉ ላይ ቢጥል ኖሮ ሁሉም በአንድነት ይነሡበት ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ ያልሆነና ሆንግ ኮንግን ያልረገጠ መርከብ በፈቃድ ካንቶን እንዲገባ አደረገ። አሜሪካና ጃፓን ንግዳቸውን ቀጠሉ፤ እንግሊዝ ብቻዋን ቀረች። የሆንግ ኮንግ ንግድ በግማሽ ያህል ወደቀ፤ ለንደንም ነጋዴዎቹን ከኪሳራ ለማዳን 3 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ፈቀደች።

የሞስኮ እጅ ፈጽሞ አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ከሞስኮ የተላከው ቦሮዲን ካንቶን ተቀምጦ በዚያ የሚገዛውን ብሔርተኛ ፓርቲ፣ ኩዎሚንታንግን፣ ያማክር ነበር። ነገር ግን ሩብ ሚሊዮን ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ አማካሪ የለም። ያስወጣው የሻንጋይና የካንቶን ደም፣ ከዚያም በፊት የተጠራቀመው ንቀት ነው።

ማዕቀቡን ያስቆመውም የእንግሊዝ ኃይል አልነበረም። የካንቶን መንግሥት በጁላይ 1926 ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ከኋላው ሰላምና ገቢ ስላስፈለገው በኦክቶበር 10 አነሣው። የ1922ቱ ሕግ ግን አልተሻረም። የሆንግ ኮንግ መንግሥት በ2019 ሰልፈኞች ፊታቸውን እንዳይሸፍኑ የከለከለው ይህንኑ ሕግ ጠቅሶ ነው።