ቆጠራው የሚጀምረው ከዘጠነኛ ክፍል ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጆችም፣ እንደምን አመሻችሁ? የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኳሱንና ሩጫውን ለአሠልጣኞቻችን ልተውና እኔ ስለ አንድ ወረቀት ላውራችሁ፤ ስለ ትራንስክሪፕት፣ የልጃችሁ የየዓመቱ ኮርስና ውጤት ስለተጻፈበት።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ቤታቸው ጠሩኝ። ቡና ተፈልቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ከዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የመጣ ደብዳቤ ተዘርግቷል። ልጃቸው ሯጭ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ከአዲስ አበባ የመጣው ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ሲል ነበር። ትራንስክሪፕቱን በጣቴ እየተከተልኩ ቆጠርኩ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለመሮጥ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል፤ ያኔ የሚማረው ተጨምሮ እንኳ የሚቆጠርለት ሁለት ነው። ዘጠነኛና አሥረኛ ላይ የወሰደው ኢሶል፣ ለአዲስ መጤ የሚሰጠው እንግሊዝኛ፣ የአሜሪካን ኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ለትምህርት ቤቱ ባጸደቀው የኮር ኮርስ፣ ማለትም ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ዋና ትምህርት፣ ዝርዝር ውስጥ የለም። «ልጄ እኮ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም» አሉኝ አባትየው። እውነታቸውን ነው፤ ዲፕሎማውንም በሰዓቱ ተቀበለ። አሁን የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ እዚያ ይሮጣል።

ኤንሲኤኤ ለዲቪዥን ዋን፣ ለከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ 16 ኮር ኮርስ ይጠይቃል። ከነዚህ ውስጥ እንግሊዝኛ 4፣ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 2 ነው። ጂም አይቆጠርም። የኮር ኮርሶቹ አማካይ ውጤት ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ብዙዎቻችንን የሚያመልጠን ግን ይሄ ነው፦ ከ16ቱ 10ሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተጀመረ ወዲያ የ7ቱን ውጤት ደግሞ በመውሰድ ማሻሻል የለም። አሠልጣኙ ስልክ ሲደውል አብዛኛው ነገር አልቋል ማለት ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሕግ ለምን?» የሚል አለ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በጥር 1989 እዚሁ ጎረቤታችን ላንድኦቨር፣ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሜዳውን ጥሎ ወጣ። ፈተናና ውጤት ያልሞላለትን ተጫዋች ስኮላርሺፕ የሚከለክል ደንብ ጸድቆ ነበርና፣ ይህ የድሃ ልጆችን በር ይዘጋል ብሎ ነው። የፈተናውን ነገር እኔም ከሱ ጋር ነኝ፤ ኤንሲኤኤም በ2023 የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹን፣ ኤስኤቲንና ኤሲቲን፣ ከመስፈርቱ አውጥቷል። ኮርሱ ይቀንስ ካላችሁኝ ግን አልስማማም። 2.3 እኮ በሲና በቢ መካከል ነው። ይህ የከበደው ልጅ ነገ በልምምድና በጉዞ መሀል የኮሌጅ ትምህርት እንዴት ይችላል? ደግሞም ፈተናው ሲቀር ሸክሙ በሙሉ ትራንስክሪፕቱ ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ሰኞ ወደ ካውንስለሩ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ሂዱ። «ይህ ኮርስ ኤንሲኤኤ ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ?» ብላችሁ በየኮርሱ ጠይቁ። ልጃችሁ ኢሶል ላይ ከሆነ መቼ እንደሚወጣ ጠይቁ። አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ። ልጁን ብቻ አታስተርጉሙት፤ በሱ ትርጉም ዲ፣ ያ ለመውደቅ የቀረበው ውጤት፣ «ደህና ነው» ማለት ይሆናል!

ትራንስክሪፕት ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከኋላ ሻዩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። እርሳስ አለኝ፤ አብረን እንቆጥራለን። የዘጠነኛ ክፍል ወላጆች ቅድሚያ አላችሁ።